ኩሬው ሞልቷል፤ ውሃው ግን ምን ይዟል?

ከነሐሴ ማገባደጃ ጀምሮ በዝናብ አጠር ወረዳዎች የአርሶ አደሩ ኩሬዎች ጢም ብለው ይታያሉ። በክረምቱ ጎርፍ የገባው ውሃ ጥቂት ቀናት ሲያድር ደለሉ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ከላይ ያለውም ጥርት ይላል። አርሶ አደሩ ይህን አይቶ ቢደሰት አይፈረድበትም። ከ1995 ዓ.ም ድርቅ ወዲህ በቤተሰብ ደረጃ ውሃ የማቆር ሥራ በስፋት ሲካሄድ የታሰበው ይኸው ነበር። ክረምት በከንቱ የሚሄደውን ጎርፍ ይዞ በበጋ ጓሮ ማልማት፣ ከብትም ሩቅ ወንዝ ሳይነዳ ማጠጣት። ጂኦሜምብሬን የተነጠፈበት ኩሬ ያለው ቤተሰብ በጥር ወር ቃሪያና ሽንኩርት ለገበያ ማውጣት ችሏል።

ስለ ኩሬ የሚጻፉ ሪፖርቶች የሚጠይቁት ግን ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው። ስንት ተቆፈረ? ስንት ሜትር ኪዩብ ያዘ? ስንት ሄክታር ለማ? የውሃው መጠን ይለካል፤ የውሃው ንጽሕና ግን እምብዛም አይለካም። ያው ውሃ ቲማቲሙን ያጠጣል፣ ጥጃው ይጠጣዋል፣ ልጆች ይዋኙበታል፤ የቧንቧ ውሃ በሌለበት አካባቢ ደግሞ ማሰሮ ውስጥም ይገባል። ዓይን የማያየው ባክቴሪያ በእነዚህ መንገዶች ሁሉ ይጓዛል።

ከአንዲት ላም እበት

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ አነስተኛ የቤተሰብ ኩሬ 60 ሜትር ኪዩብ፣ ማለትም 60 ሺህ ሊትር ውሃ ይይዛል እንበል። በጤነኛ ከብት ትኩስ እበት ውስጥ ኢኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ በአንድ ግራም ከመቶ ሺህ እስከ ሚሊዮኖች ሊቆጠር ይችላል። በግራም አንድ ሚሊዮን ነው ተብሎ ቢሰላ፣ አንዲት ላም ልትጠጣ ገብታ አንድ ኪሎ ግራም እበት ብትጥል አንድ ቢሊዮን ባክቴሪያ ኩሬው ውስጥ ገባ ማለት ነው። ይህ በውሃው ሁሉ እኩል ቢበተን በየ100 ሚሊ ሊትሩ፣ ግማሽ ብርጭቆ በማይሞላ ውሃ ውስጥ፣ ከ1 ሺህ 600 በላይ ይሆናል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1989 እ.ኤ.አ. ፍሳሽ ውሃን አክሞ ለመስኖ ስለመጠቀም ባወጣው መመሪያ፣ በጥሬው ለሚበላ ሰብል የሚውለው ውሃ በ100 ሚሊ ሊትር ከ1 ሺህ በላይ የአንጀት ባክቴሪያ እንዳይኖረው መክሮ ነበር። እንግዲህ አንዲት ላም አንድ ጊዜ ያረከሰችው ንጹሕ የመሰለ ኩሬ፣ ለታከመ የከተማ ፍሳሽ ከተቀመጠው ወሰን በላይ ሊሆን ይችላል። ለመጠጥ ውሃ ደግሞ ድርጅቱ የሚለው አጭር ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር አንድም ኢኮላይ መገኘት የለበትም።

ኢኮላይ ሁሉ በሽታ አያመጣም። አብዛኛው በሰውና በከብት አንጀት ውስጥ ሳይጎዳ የሚኖር ነው። ባለሙያዎች የሚቆጥሩት እንደ ጠቋሚ ነው፤ እሱ ከተገኘ ዓይነ ምድር ወይም እበት ውሃው ውስጥ ገብቷል፤ ከዚያ ጋር ሌላውም ሊገባ ይችላል። ሌላው የሚባለው ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር ናቸው፤ ከከብት፣ ከዶሮና ከአእዋፍ ይመጣሉ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያስከትለው ሺጌላ ደግሞ የሚመጣው ከሰው ነው። ስለዚህ ከኩሬው በላይ ሜዳ ላይ የሚጸዳዳ ካለ ችግሩ የከብት ብቻ አይደለም። ከኢኮላይም ውስጥ ኦ157 የተባለው ዝርያ አደገኛ ነው። ከብቱን ምንም አያደርገውም፤ ሰው ውስጥ ሲገባ ግን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል፣ በሕፃናት ላይም ኩላሊት እስከ ማቆም ሊደርስ ይችላል። ከብቱ ጤነኛ ስለሆነ ብቻ እበቱ ጤነኛ ነው ማለት አይቻልም።

ሰኔና ሁዳዴ

አደጋው ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሁለት ጊዜ ይከፋል።

የመጀመሪያው የዝናቡ መግቢያ ነው። በበጋው ወራት በግጦሽ መሬቱ፣ በመንገዱና በበረቱ ዙሪያ የተከማቸው እበትና ዓይነ ምድር በግንቦትና በሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ ታጥቦ ይወርዳል። ኩሬው የሚሰበስበው ጎርፍ ከዚሁ መሬት የመጣ ነው። ከሁሉ የቆሸሸው ውሃ መጀመሪያ የሚመጣው ውሃ ነው። አርሶ አደሩ ደግሞ ውሃ የናፈቀው ያን ጊዜ ስለሆነ መግቢያውን ከፍቶ ይጠብቃል። የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ጎርፎች በጎን ቦይ አሳልፎ ከዚያ በኋላ ማስገባት ዋጋው አንድ አካፋና ጥቂት ትዕግሥት ነው። ዝናቡ በጣም በሚያጥርበት ቀበሌ ይህን ማድረግ ከባድ ነው፤ የመጀመሪያው ጎርፍ የመጨረሻው ሊሆን ይችላልና። እንዲህ ባለው ቦታ ቢያንስ ውሃው ከመግባቱ በፊት የሚያርፍበት የደለል ማስቀሪያ ጉድጓድ፣ ከዚያም በላይ ሣር የለበሰ ስፍራ ሊኖር ይገባል። ሣሩ ጎርፉን ያዘገየዋል፤ እበትና አፈሩን ያስቀራል።

ከዚያ በኋላ ፀሐይ ትረዳለች። ከመስከረም እስከ ኅዳር ውሃው ሲረጋ፣ የፀሐይ ጨረር የላይኛውን ክፍል ሲመታው፣ ሌሎች ጥቃቅን ነፍሳትም ባክቴሪያውን ሲመገቡት ቁጥሩ ይቀንሳል። አዲስ እበት ካልገባ በስተቀር ማለት ነው። ታች ያለው ደለል ግን ሌላ ነው። ከጨረር የተሸሸገ፣ ምግብ ያለው፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ነውና ባክቴሪያው ከላይኛው ውሃ ይልቅ እዚያ ረጅም ጊዜ ይቆያል።

ሁለተኛው ክፉ ጊዜ የሚመጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። በየካቲትና በመጋቢት ኩሬው ይጎድላል፤ የቀረው ውሃ ከደለሉ በላይ ጥቂት ነው። የፓምፑ ጫፍ ወይም ባልዲው ጭቃውን ይነካል፤ ከክረምት ጀምሮ የተከማቸው ይበጠበጣል። ወሩ ደግሞ የሁዳዴ ጾም ነው። ሰላጣ፣ ቲማቲምና ቃሪያ በየቤቱና በየምግብ ቤቱ በጥሬው በብዛት የሚበላበት፣ ዋጋቸውም የሚሻልበት ጊዜ። ውሃው ከሁሉ በከፋበት ሰዓት ሳይበስል የሚበላው አትክልት ከሁሉ ይበልጣል። ጫትም ከዚህ አይለይም፤ ሳይታጠብ የሚቅመው ብዙ ነው።

የደለሉ ነገር በሩቅ አገር በማስረጃ ታይቷል። በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአሜሪካ ከሮሜይን ሰላጣ ጋር በተያያዘ የኢኮላይ ኦ157 ወረርሽኝ በ16 ግዛቶች 62 ሰዎች ታመሙ። መርማሪዎች ሰላጣው የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ ሲከተሉ ካሊፎርኒያ ደረሱ፤ ሰዎቹን ያሳመመውን ያንኑ ዝርያ በአንድ እርሻ ውስጥ ባለ የመስኖ ኩሬ ደለል ውስጥ አገኙት። እዚያ ላቦራቶሪ፣ ደንብና ተቆጣጣሪ ሁሉ ነበር። በዚህ አገር አንድ ሰው ሰላጣ በልቶ ቢያመው ግን ነገሩ «ምግብ አልተስማማኝም» በሚል ያልፋል፤ ወደ ኩሬው የሚመለስ አይኖርም።

በገበያ ዋዜማ

ስለ አትክልት ሲነሳ ሁሉም የሚያስበው ማጠጣቱን ነው። ከማጠጣቱ የሚብሰው ግን በአብዛኛው የሚረሳው ነገር ነው፤ ማጠቡ። ካሮት አፈሩ እንዲለቅ፣ ሰላጣና ቆስጣ ትኩስ መስሎ እንዲታይ በገበያው ዋዜማ ወይም ንጋት ላይ በዚያው ኩሬ ወይም ቦይ ውስጥ ይነከራል። በማሳ ላይ ያለ ቅጠል ቢበከል እንኳ ፀሐይና ድርቀት ይረዱታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የመጨረሻው ውሃ ከተሰጠ በኋላ በሚያልፍ በአንድ ቀን ውስጥ በሰብሉ ላይ ያለው ተዋሲያን እንደ አየሩ ሁኔታ ከሦስት እጅ አንድ እስከ መቶ እጅ አንድ ድረስ እንደሚወርድ ይገምታል። ታጥቦ ወዲያው በጆንያ ወይም በቅርጫት የታሰረው ግን ፀሐይ አያገኝም። እርጥብ ነው፣ ታፍኗል፣ ይሞቃል፤ የያዘውን ይዞ ገበያ ይደርሳል። ገዢዋ ደግሞ «ታጥቧል» ብላ ትወስደዋለች።

አፈሩን አራግፎ ደረቁን ለገበያ ማቅረብ፣ መታጠብ ካለበትም ከቧንቧ ወይም ከተከለለ ጉድጓድ በተቀዳ ውሃ ማድረግ ከሁሉ ቀላሉ ማስተካከያ ነው። እርግጥ ነው፣ አፈር የያዘ ካሮት ዋጋው ዝቅ ይላል። ነጋዴውና ሸማቹ በታጠበው ላይ ዋጋ እየጨመሩ አርሶ አደሩን ብቻ መውቀስ አይገባም።

ከምርት መሰብሰብ ጥቂት ቀናት በፊት ውሃ ማቆምም ይሠራል። ሽንኩርት አምራቹ ይህን ድሮም ያደርገዋል፤ እንዳይበሰብስበት። ለቲማቲምና ለቃሪያም ሁለት ቀን አይከብድም። ሰላጣ ላይ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ይጠወልጋል፣ ክብደቱም ይቀንሳል። በጋና ኩማሲ ከተማ ዙሪያ በሰላጣ አምራቾች ማሳ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይህንኑ አሳይተዋል፤ ብክለቱ ይወርዳል፣ ምርቱም በመጠኑ ይጎዳል። እዚያው የተገኘ ሌላ ቀላል ነገር አለ። ውሃ ማጠጫውን ባለ ወንፊት አድርጎ ዝቅ አድርጎ፣ ከጉልበት በታች ይዞ ማጠጣት ከከፍታ ከመድፋት ይሻላል፤ አፈሩ ወደ ቅጠሉ አይረጭምና። ከሁሉ የሚሻለው ውሃው ቅጠሉን ሳይነካ በሥሩ እንዲሄድ ማድረግ ነው፤ በቦይ ቢሆንም፣ በጠብታ መስኖ ቢሆንም። ያልበሰለ ፍግም ቢሆን ለሰላጣና ለካሮት መሬት መግባት ያለበት ከመሰብሰቡ ከአራት ወር በፊት ነው፤ በደንብ ሞቆ የበሰለ ኮምፖስት ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አያስፈልገውም።

ከብቱም ይታመማል

የተበከለ ኩሬ መጀመሪያ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ባለቤቱን ነው፤ በከብቱ በኩል። ጥጆች በኢኮላይና በሳልሞኔላ ተቅማጥ ይይዛቸዋል፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ውሃቸው አልቆ ይሞታሉ። ሌፕቶስፓይራ የተባለው ባክቴሪያ በአይጥ፣ በከብትና በውሻ ሽንት ወደ ውሃ ይገባል፤ በሞቃትና ርጥብ ቦታ ለሳምንታት ይቆያል። ላሞች ላይ ወተት መቀነስና መጨንገፍ ያስከትላል። ሰው ላይ ደግሞ በተቆረጠ ቆዳ፣ በዓይንና በአፍ ይገባል፤ ባዶ እግሩን ኩሬ የሚያጸዳ ሰውና የሚዋኝ ልጅ የተጋለጡ ናቸው። ትኩሳቱና የጡንቻ ሕመሙ ወባ ስለሚመስል በወባ ስም የሚታከም አይጠፋም። ላም ስትጨነግፍ ብሩሴሎሲስን ጨምሮ ሌሎች ምክንያቶችም አሉና ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ እንጂ በግምት መድኃኒት መግዛት አያዋጣም።

አባ ሰንጋ ሌላው ነው። የባክቴሪያው ዘር በአፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ጎርፍ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ያጥበዋል፤ ኩሬው ሲደርቅ ከብቱ በዳርቻው ያለውን አጭር ሣር ከአፈሩ ጋር ሲግጥ ይወስደዋል። በዚህ በሽታ የተጠረጠረ ከብት አይታረድም፣ አይገፈፍም፣ ወደ ኩሬ ዳርም አይጎተትም። ጥልቅ ተቆፍሮ ከኩሬው ርቆ መቀበር አለበት፤ ለቀሪዎቹም ክትባት ይጠየቅላቸዋል።

በጓሮ ኩሬዎች ላይ የሚታየው አረንጓዴ ቀለም የመሰለ ንጣፍም የባክቴሪያ ሥራ ሊሆን ይችላል። ሳያኖባክቴሪያ ይባላል። ከማሳ ታጥቦ የገባ ዩሪያና ሌላ ማዳበሪያ፣ ፀሐይና የረጋ ውሃ ሲገናኙ ይበዛል። አንዳንዱ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፤ በአገር ውስጥም በቆቃ ሐይቅ ላይ ተረጋግጦ የታወቀ ችግር ነው። ነፋስ ንጣፉን በሚገፋበት ጥግ የጠጣ ከብት በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ይህ መርዝ ውሃው ቢፈላም አይጠፋም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ንጣፍ የታየበት ኩሬ ለሰውም ለከብትም መጠጥ አይሆንም፤ እስኪጠራ ድረስ ከብቱ ሌላ ቦታ መጠጣት አለበት።

አጥርና ገንዳ

ከተነሱት ችግሮች ትልቁ ክፍል የሚፈታው በሁለት ነገር ነው፤ ከብቱን ከኩሬው በመለየትና ውሃውን ወደ ከብቱ በማምጣት። በእሾህ ወይም በሕያው አጥር የተከለለ ኩሬ፣ ከሥሩ ትንሽ ራቅ ብሎ የማጠጫ ገንዳ። አጥሩ ሌላም ሥራ አለው። ጂኦሜምብሬን ርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል፤ የገባ ልጅ ወይም ፍየል በቀላሉ አይወጣም። በዚህ ምክንያት አጥር የሌለው ኩሬ በባክቴሪያም ባይሆን አደጋ ነው።

ገንዳው ከኩሬው በታች ባለ ተዳፋት ላይ ከሆነ ፓምፕ አያስፈልግም፤ ጎማ ይበቃዋል። በብዙ ቦታ ግን ውሃውን ለማስጀመር ጎማው በአፍ ይሳባል፤ ይህ ያንኑ ውሃ እንደ መጠጣት ነው። ጎማውን ውሃ ሞልቶ ሁለቱን ጫፍ በአውራ ጣት ዘግቶ፣ አንዱን ኩሬው ውስጥ ከትቶ ሌላውን ገንዳው ላይ ሲለቁት በራሱ ይወርዳል። የኩሬው ጫፍ ከታች ጭቃውን፣ ከላይም ንጣፉን እንዳይስብ በተዘጋ ጄሪካን ላይ አስሮ ከውሃው ወለል በታች ክንድ በማይሞላ ጥልቀት ማንጠልጠል ነው። ፓምፕ የሚጠቀምም እንዲሁ ቢያደርግ ውሃው ይጠራለታል፤ ፓምፑም በደለል አይበላም። ደለሉ ደግሞ ኩሬው ሲደርቅ ዝናብ ሳይመጣ ይወጣል። ከኩሬው አፍ ላይ ከተከመረ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ስለሚያስገባው ራቅ ብሎ መጣል አለበት፤ በቅርቡ በጥሬው የሚበላ አትክልት በሚዘራበት መደብ ላይም ባይሆን ይመረጣል።

የኩሬ ውሃ ለመጠጥ አይመከርም። ሌላ አማራጭ የሌለው ቤተሰብ ግን አለና የሚቻለውን ማወቅ ይበጀዋል። ውሃውን አሳድሮ ማጥለል፣ ከዚያ በአሮጌ ጨርቅ ደጋግሞ አጥፎ ማጣራት። በባንግላዴሽ በ65 መንደሮች የተካሄደና በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሴቶች አሮጌ ሳሪያቸውን አጥፈው ውሃ ሲያጣሩበት ኮሌራ በግማሽ ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል። አሮጌ ጨርቅ ከአዲስ ይሻላል፤ ክሩ ሲታጠብ ስለሚሳሳና ስለሚንጨፈረር ቀዳዳው ይጠባል። አሮጌ ነጠላም ያንኑ ይሠራል። ይህ ግን ግማሽ መንገድ ነው። ከተጣራ በኋላ ማፍላት ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ በመያዣው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሮ 30 ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል። ደፍራሳ ውሃ ላይ ክሎሪን ጉልበቱ ስለሚደክም ማጣራቱ ሊዘለል አይገባም። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ኦአርኤስ ይጀመርለታል፤ ተቅማጡ ደም ካለው ወይም ሽንቱ ከቀነሰ ፀረ ተዋሲያን ከሱቅ ገዝቶ ከመስጠት ይልቅ ቶሎ ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት።

ለወረዳው የሚቀር ሥራ

አርሶ አደሩ ብቻውን ሊሠራው የማይችለው ነገር አለ። ኩሬው የግብርና ጽሕፈት ቤት ነው፤ የውሃ መመርመሪያ መሣሪያ ካለ የሚገኘው በውሃ ጽሕፈት ቤት ወይም በጤና ጽሕፈት ቤት ነው፤ የታመመውን ሕፃን የምታየው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት፤ የጨነገፈችውን ላም የሚያየው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። አራቱ ተገናኝተው ስለ አንድ ኩሬ ካልተነጋገሩ እያንዳንዳቸው የሚያዩት ቁራጭ ብቻ ነው። ከአንድ ጎጥ በአንድ ወር ውስጥ ተደጋጋሚ ተቅማጥና ጭንገፋ ሲሰማ ወደዚያ ጎጥ ኩሬ መሄድ ወጪው የአንድ ቀን አበል ነው።

የኩሬ ግንባታ ዕቅድ ሲወጣም ጂኦሜምብሬኑ ይገዛል፤ አጥሩና ገንዳው «በአርሶ አደሩ ተሳትፎ» ተብሎ ይታለፋል። የተሳትፎ የተባለው ደግሞ ሳይሠራ ይቀራል። ገንዳና አጥር የሌለው ኩሬ «ተጠናቋል» ተብሎ ባይመዘገብ ነገሩ በአንድ በጀት ዓመት ሊለወጥ ይችል ነበር።

ምርመራውም ቢሆን ሁሉንም ኩሬ አይጠይቅም። በየቀበሌው ለአትክልት ገበያ የሚያመርቱ ጥቂት ኩሬዎች ተመርጠው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ዝናብ በገባ ሰሞን፣ አንዴ በየካቲት ውሃው ሲጎድል ናሙና ቢወሰድ ይበቃል። ናሙናው የሚቀዳው በተቀቀለ ወይም በላቦራቶሪ በተዘጋጀ ጠርሙስ ነው። ከዳር ሳይሆን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ጠርሙሱን አፉን ወደ ታች ደፍቶ አንድ ስንዝር ያህል ካጠለቁ በኋላ አዙሮ መሙላት ነው፤ ጭቃው መበጥበጥ የለበትም። ከዚያ ከፀሐይ ተከልሎና ቀዝቅዞ በ6 ሰዓት ውስጥ ወደ ምርመራ መድረስ ይኖርበታል። ውጤቱ በሚቀጥለው ቀን ይታወቃል። ቁጥሩ ለባለቤቱ ከነትርጉሙ ሊነገረው ይገባል፤ በየትኛው ውሃ ሰላጣ፣ በየትኛው ሽንኩርት፣ በየትኛው ደግሞ የከብት መኖ እንደሚያለማ ለመወሰን የሚረዳው እሱ ነው።